ማቅ የለበሰችው የኦንግ ቤት ልጅ

ያን ዕለት ጠዋት ሊያንን በሰባት ጉድጓድ ጎዳና ላይ ያያት ሰው ሁሉ ሎተሪ የደረሳት መስሎት ነበር። በአሮጌ የሳሮንግ ሽርጥ የተጠቀለለ ሰፊ ፎቶግራፍ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰላምታ የሚሰጣትን ሁሉ ሳትመልስ እያለፈች፣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ዓሣ ሻጩ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሟች አገኘሽ?» ብሎ ቢጮህባት እንኳ ዞር አላለችም።

ጥያቄው ያለ ነገር አልነበረም። የጎዳናው ማኅበር በየቤቱ በር ላይ «እዚህ እነማን ኖሩ» የሚል ሰሌዳ ለመስቀል ወስኖ ሥራውን ለሊያን ከሰጣት ወዲህ በማላካ ያላንኳኳችው በር የለም። ዘዴዋ ደግሞ የቀብር ፎቶግራፍ ነው። በእኛ ጎዳና ሰርግ የሚቀር ሰው ሞልቷል፤ አንዱ ተኳርፎ፣ ሌላው ታምሞ፣ ሦስተኛው ስጦታው ከብዶት። ከቀብር ግን ማንም አይቀርም። ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ በሙሉ ሣጥኑን ከቦ ፎቶ ይነሳል፤ ልጆችና ምራቶች ማቅ፣ የልጅ ልጆች ሰማያዊ ለብሰው። ሊያን እንዲህ ያለውን ፎቶ አንዴ ካየች ማን ከማን እንደተወለደ ቁጭ አድርጋ ትነግራችኋለች። «ሰው ይዋሻል፣ ማቅ አይዋሽም» ትል ነበር። ስንቱን ቤት በዚህ ዘዴ አጥርታለች።

የኦንግን ቤት ግን የምታጠራው ለማኅበሩ ብላ ብቻ አልነበረም። የዚያ ቤት ብቸኛ ወንድ የልጅ ልጅ ቡን ሄንግ፣ ጣራ ሥር የተከማቸውን የፎቶ ሣጥን ስታወርድ መሰላል ከያዘላት ጀምሮ ሊያን የምትወርድበትን መሰላል አላገኘችም። እሱም ቢሆን ከእሷ አይሻልም ነበር። እሷ የምትናገረውን የሙታን ዘር ቆጠራ ሁሉ አገጩን ደግፎ ሲያዳምጥ፣ ዐይኑን ከአፏ ላይ መንቀል ሲያቅተው፣ የቤቱ ሠራተኞች ሳይቀሩ ይጠቃቀሱ ነበር።

ችግሩ የሊያን እናት በገበያው ጫፍ የሩዝ ድብልብል ሻጭ መሆኗ ነው። የቡን ሄንግ አያት እመቤት ስዊ፣ በጎዳናችን አጠራር ቢቢክ ስዊ፣ «አይሆንም» ብለው አያውቁም፤ ቢቢክ ስዊ አይሆንም የሚል ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ብቻ ጥርስ የሚያቀላውን ቅጠላቸውን እያኘኩ «መልካም ልጅ ናት። ለመሆኑ ሰዎቿ እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የሰርግ ወሬ በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

እንግዲህ ሊያን ያን ዕለት በደረቷ አቅፋ የሄደችው የዚህን ጥያቄ መልስ ነበር።

ቡን ሄንግ ከግማሽ በሩ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲጠብቃት አገኘችው። «ምንድነው እሱ?» አላት።

«አንተ አትጠይቅ፤ ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ቢቢክ ስዊ በመጀመሪያው ግቢ፣ ብርሃን ከላይ በሚወርድበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ሊያን ፎቶውን ገልጣ ከፊታቸው አኖረችው። የቡን ሄንግ ቅድመ አያት ቀብር ነው፤ የተነሳውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በጎዳናው ጫፍ ይኖር የነበረው ፎቶ አንሺ ሲሞት ልጆቹ ሊጥሉት ሲሉ ነው ያስጣለቻቸው።

«ቢቢክ፣ ያንን ጥያቄዎን ይዤ መጣሁ» አለች።

«የቱን ጥያቄ? እኔ ጥያቄ ጠፍቶኝ አያውቅም።»

«ሰዎቿ እነማን ናቸው ያሉትን። እዚህች ጋ ይመልከቱ። ግራ ቅንድቧ ለሁለት የተከፈለው። ኢም ላን ትባላለች፣ የአያቴ እናት ናት። እኛ ቤት ያለችን አንዲት ፎቶዋም ቅንድቧ እንደዚሁ ነው። አያቴ ስለ እሷ ማውራት አትወድም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ከዚህ ቤት ወጥታ ደህይታ ይሆናል። ይኸው፣ ከልጆቹ ተርታ ቆማለች፣ ማቅ ለብሳለች! የዚህ ቤት ልጅ ነበረች።»

ቡን ሄንግ «ሊያን!» ብሎ እጇን ያዘ። በአያቱ ፊት እጇን ሲይዛት የመጀመሪያው ነበር፤ የሊያንን ልብ ከፎቶው ይልቅ ያቀለጠው እሱ ነው።

ቢቢክ ስዊ ማጉያ መስታወታቸውን አስመጥተው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሊያንን አዩ። ሊያን ያንን አስተያየት ርኅራኄ ብላ ተረጎመችው።

«እሷ ናት» አሉ። «ቅንድቧን እማ ማን ይስተዋል። ታዲያ ልጄ፣ ይኼ ምኑ ያስቦርቃል? ከዚህ በር ተድራ የወጣች ሴት ዘር ሙሽራ ሆኖ በዚህ በር እንደማይገባ ጠፍቶሽ ነው? ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የሚወለደው አይጸናም። ጎዳናውን ሙሉ እያጠናሁ ነው የምትዪው አንቺ፣ ይቺን ማወቅ አቃተሽ?»

ሊያን ታውቃለች። በዚህ ምክንያት የፈረሱ ጋብቻዎችን በገዛ አንደበቷ ለቡን ሄንግ ተርካለታለች። ግን ክብር ፍለጋ ስትሮጥ አንዲትም ጊዜ ስለ ራሷ ብላ አላሰበችውም።

«አራት ትውልድ እኮ አልፎታል፣ ቢቢክ» አለች።

«እናንተ ትቆጥሩ ይሆናል። እኛ አንቆጥርም።»

ሊያን ወደ ቡን ሄንግ ዞረች። እሱ አያቱን እያየ ነበር። እጁ ከእጇ የወጣው ተነጥቆ አይደለም፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ ነው። ተነጥቆ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሊያን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አታውቀውም። እናቷን ለመርዳት ገበያ ትወጣለች፣ ሰው ሦስት ሲጠይቃት አምስት ትሰጣለች፣ መልስ ስትሰጥ ትስታለች። ቡን ሄንግ ደብዳቤ ይልክላታል። «ሌላ ሕይወት ካለ» ይላል አንዱ፣ «እኔ ከዓሣ አጥማጅ ቤት፣ አንቺ ከጨው ነጋዴ ቤት እንወለድ፤ ማንም ዘራችንን የማያውቅበት አገር።» ሊያን ያንን ወረቀት አንብባ አንብባ እጥፋቱ ላይ ተቀደደ።

አንድ ማለዳ ራሱ መጣ። ከስቷል፣ ጺሙን አልተላጨም፣ ሐዘን ደግሞ ያምርበታል። የማይበላውን ድብልብል ገዝቶ በቅጠል እንደተጠቀለለ በእጁ ይዞ ቆመ።

«እንዴት ነሽ?» አላት።

«እንደምታየኝ።»

«እኔም እንደምታዪኝ ነኝ።» ዐይኑ እንባ ሞላ፤ እንባው ሲወርድም አልጠረገውም። «ሊያን፣ የቤታችን ሰሌዳ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የኢም ላንን ስም ከቤቱ ልጆች ጋር ጻፊው። እኛስ ሳይሆንልን ቀረ። እሷ እንኳ ክብሯን ታግኝ።»

እናትዋ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ደንበኞች ቆመው ነበር። ሊያን ግን ማንንም አላየችም። ይህ ሰው በራሱ ሐዘን መካከል ሆኖ ለእሷ ሟች ክብር ያስባል ብላ አሰበች። ያን ዕለት ከወትሮው አብልጣ ወደደችው፤ ምነው እጄን ቆርጬ በሰጠሁት ብላ እስክትመኝ ድረስ ወደደችው።

ሰሌዳውን በገዛ እጇ ጻፈችው። በፎቶው ላይ ከበኩሯ ልጅ ቀጥሎ የቆመችው ኢም ላን ስለሆነች «ኢም ላን፣ የኦንግ ቤት ሁለተኛ ሴት ልጅ» ብላ በወርቅ ቀለም አሰፈረች። የቀራት የተዳረችበትን ዘመን ማወቅ ነው። ይህንን ከአያቷ በቀር የሚነግራት የለም።

አያቷ ከኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጠው አረንጓዴውን ሊጥ በመዳፋቸው እያድበለበሉ፣ መሐሉ ላይ የዘንባባ ስኳር ይሰነቅሩ ነበር። ሊያን ፎቶውን ከፊታቸው ዘረጋችው። እስከዚያ ቀን አላሳየቻቸውም፤ አሮጊቷ እንዳያዝኑ ብላ ነው።

«ማማ» አለች አያቷን፣ «እናትሽ ከኦንግ ቤት የተዳረችው መቼ ነው?»

አያቷ እጃቸውን ሊጥ ውስጥ እንደነከሩ ቀሩ። ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፣ በቀሚሳቸው አደረቁ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ፎቶውን አዩ።

«ተዳረች? ማነው ተዳረች ያለሽ?»

«ማቅ ለብሳለች እኮ፤ ከሴቶች ልጆቹ ተርታ...»

«ማቁን ማን አለበሳት ብለሽ ጠይቂያ! የቀለም ሰው ነኝ ትያለሽ።» ፎቶውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «እናቴን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ከጀልባ ላይ ነው የገዟት። ውሃ ስትቀዳላቸው፣ ሽንት ቤታቸውን ስትጠርግ ነው ያደገችው። ቅንድቧንም የከፈለችው እመቤቲቱ ናት፣ በማንኪያ። ጌትዮው ሲሞቱ ሁለተኛዋ ልጃቸው ክርስትና ገብታ ለሬሳ አልንበረከክም፣ ማቅ አልለብስም አለች። ፎቶ ሊነሳ ነው፤ ጎዳናው ሊቆጥር ነው። ከልጆቹ አንዷ ከጎደለች ምን ይባላል? እናቴን ከኩሽና ጠርተው ማቁን አጠለቁላት። ከውጪው በር እስከ ሣጥኑ ድረስ በጉልበቷ እየዳኸች 'አባቴ፣ አባቴ' እያለች እንድታለቅስ አደረጓት። የገዛትን ሰውዬ አባቴ! ጉልበቷ እስክትሞት ድረስ ሰምሮ አልታጠፈላትም። ሲያበቃ የብር ጉትቻ ሰጥተው አፍሽን ዝጊ አሏት። ዘጋች። እኔም ዘጋሁ።»

ሊያን መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ቀጥሎ የሆነውን ስታስታውስ ዛሬም ፊቷን ትሸፍናለች። ብድግ ብላ አያቷን አቀፈች፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ ሳቀች።

«የተገዛች ናት! ማማ፣ ደማቸው አይደለችም! የተገዛች ናት!»

አያቷ ቀስ ብለው ከላያቸው አላቀቋት።

«ደስ አለሽ?»

ሊያን ሳቋን ዋጠች።

«እናቴ እንደ ዶሮ ተሸጣ ደስ አለሽ?»

«ማማ፣ እንደሱ ማለቴ...»

«ሂጂ። ዕድሜ ልኬን የደበቅሁትን ለወንድ ብለሽ አውጪው። ልጁ ሰው ከሆነ ያዋጣሽ ይሆናል።» ተመልሰው ተቀመጡና ሊጡን ማድበልበል ጀመሩ። ስኳሩ ከመዳፋቸው ይፈስ ነበር።

ሊያን አፈረች፣ ከልቧ አፈረች። ደስታው ግን ከኀፍረቱ ጎን ቁጭ ብሎ አልነሳ አላት።

በማግስቱ በኦንግ ቤት የአያት ቅድመ አያቶች ቀን ነበር። ከኳላ ሉምፑርና ከሲንጋፖር ሳይቀር ዘመድ ተሰብስቧል፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ሟቾቹ ይወዱት በነበረው ምግብ ተሞልቷል። ማኅበሩ አስቀድሞ ያስመጣው ሰሌዳ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሊያን በእንግዶቹ መካከል እየተጋፋች አልፋ ቡን ሄንግን በሁለተኛው ግቢ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ለብቻው አገኘችው። ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዙ አዲስ ነው።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ጀልባውን፣ ማንኪያውን፣ ማቁን፣ ጉትቻውን። «የገረድ ዘር ነኝ!» አለችው፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ቡን ሄንግ፣ ምንህም አይደለሁም! ዘመድህ አይደለሁም!»

እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ በሩ መዘጋቱን አየ።

«ቀስ በይ» አላት።

ሊያን አሁንም አልገባትም። «አልሰማኸኝም እንዴ?»

«ሰማሁሽ።»

ሰው ድንገት የሰማውን ነገር በዚህ ድምፅ እንደማይመልስ ሊያን ታውቃለች። ስንቱን ሽማግሌ፣ ስንቷን አሮጊት ስትጠይቅ ከርማ የለ? የሚያውቁትን ነገር ስትነግራቸው የሚያሳዩትን ፊት ለይታ ታውቀዋለች። ያ ፊት ነው ከፊቷ የቆመው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

«ቡን ሄንግ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ፎቶውን ያመጣሽ ዕለት። ከሄድሽ በኋላ አያቴ ነገሩኝ።»

«ገበያ የመጣህ ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ደብዳቤዎቹንስ ስትጽፍ?»

«ሊያን፣ ስሚኝ። 'የገረድ ዘር አግብተህ ከዚህ ቤት በለበስከው ልብስ ትወጣለህ፤ ወይም ዘመድህ ሆናለች ብለህ አልቅሰህላት ትቀመጣለህ' አሉኝ። ምረጥ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«አለቀስኩ» አለ። ከዚያ እጇን ሊይዝ ሞከረ። «ያለቀስኩት ግን የእውነቴን ነው። ሙች ብዬሻለሁ፣ አንዷም እንባ የውሸት አልነበረችም።»

ሊያን እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገችው። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይኸው ነበር፤ እውነቱን መሆኑን ማወቋ። ቢዋሻት ትጠላው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ቢቢክ ስዊ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ፤ አንዴ የልጅ ልጃቸውን፣ አንዴ ሊያንን አዩ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ። «እንግዳ ቆሟል።»

«ያውቁ ነበር» አለች ሊያን።

«እንዴት አላውቅ? ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ አማቴ መጀመሪያ የነገረችኝ በዚያ ፎቶ ላይ የማን ማቅ የውሸት እንደሆነ ነው። ይኸውልሽ ልጄ፣ ክፉ ብሆን ያን ዕለት በሠራተኞቹ ፊት አፈርጠው ነበር። ዘመድ ብዬ ሸኘሁሽ። ዘመድ መባል ከገረድ ዘር አይሻልም?»

«ኢም ላን በጉልበቷ እየዳኸች ነው ያለቀሰችው!»

«እኔ አላስዳኋትም። አንቺንም ማቅ አላለበስኩሽም። በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ያመጣሽልኝ ራስሽ ነሽ።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ያሉት ደግሞ እውነት ነበር።

ለበዓሉ የተጠራው ፎቶ አንሺ ከመጀመሪያው ግቢ ተጣራ፤ ሦስቱም ወደዚያ ወጡ። ዘመዱ በየተርታው እየተደረደረ ነው፤ ቢቢክ ስዊ መሐል ወንበር ላይ፣ ልጆች ከኋላቸው፣ የልጅ ልጆች በግራ በኩል። አንዱ ቀዩን ጨርቅ ከሰሌዳው ላይ ገፈፈውና ጭብጨባ ሆነ። «ኢም ላን፣ የኦንግ ቤት ሁለተኛ ሴት ልጅ።» የገዛ እጇ ጽሕፈት፣ በወርቅ ቀለም። ከሲንጋፖር የመጡ አንዲት ወይዘሮ ወደ ሊያን ዞረው «አንቺ ነሽ የሷ ዘር? እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ!» አሏት።

«ውሸት ነው» አለች ሊያን።

መጀመሪያ ማንም አልሰማትም። ጮኸች። «ውሸት ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው። ኢም ላን በገንዘብ የተገዛች የዚህ ቤት ገረድ ነበረች። በእምቢተኛዋ ልጃቸው ፈንታ ማቅ አልብሰው በጉልበቷ እንድትዳኽ አደረጓት። እኔ የናንተ ዘመድ አይደለሁም። እሱም ያውቃል። ጠይቁት!»

ግቢው ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ዐይን ወደ ቡን ሄንግ ዞረ። አያቱ አላዩትም፤ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ነበር። ሊያን ከሱ የምትፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። ያግባኝ ብላ አልነበረም፤ ያ ነገር ከጉድጓዱ አጠገብ አብቅቷል። ኢም ላን በጉልበቷ እንደዳኸች ብቻ «አዎ» እንዲልላት ነው።

ቡን ሄንግ ከተርታው ወጥቶ ወደ እሷ መጣ። እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እጁ እንደ ድሮው ሞቃት ነበር።

«ይቅርታ አድርጉላት» አለ ለእንግዶቹ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «በሰሌዳው ሥራ ደክማ ነው፣ እህቴ ትንሽ አሟታል። ነይ እህቴ፣ እዚህ ከጎኔ ቁሚ።»

እህቴ። እንግዶቹ በእፎይታ ተነፈሱ፤ ወንበር ተገፋ፣ አንዱ ውሃ ስጧት አለ። ሊያን ከተርታው መሐል ገብታ መቆሟን እንኳ አላስተዋለችም። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ሽቅብ አየችው። ፎቶ አንሺው አነሳ።

ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ በኦንግ ቤት በርም ሁለተኛ አላለፈችም። ሰሌዳው እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው። ፎቶውም በቤቱ የእንግዳ ክፍል ተሰቅሏል፤ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሊያን ከልጅ ልጆቹ ተርታ፣ ከቡን ሄንግ ጎን ቆማለች፤ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የጎዳናችንን ሰዎች የሚያጠና ሌላ ሰው ሲመጣ፣ የቆመችበትን ተርታ አይቶ «ይቺ የቤቱ ልጅ ናት» ብሎ ይጽፋል። ምን ያድርግ፣ እሷም እንደዚሁ ነበር የጻፈችው።

ፊቷን ልብ ብሎ ያየ እንደሆነ ግን እጁ ይያዝበታል። ያ ሁሉ ዘመድ ካሜራውን ሲያይ እሷ ብቻ እሱን ታያለች። ወንድሟን በዚያ ዓይነት ዐይን ያየች ሴት ደግሞ በሰባት ጉድጓድ ጎዳና ኖራ አታውቅም።